ላልተቀበለችው ድርሻ ግብር

ሱገን ባንክ የሄደችው ለሠርግ ምግብ አብሳዩ ቀብድ ልታወጣ ነበር። የልጇ የሄምላታ ሠርግ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ በቢካኔር ከተማ ደግሞ ጥሩ አብሳይ ቀብድ ካልጨበጠ ቀኑን አይዝልህም። የባንኩ ሠራተኛ ስሟን አስገብቶ ኮምፒውተሩን አየ፤ ደግሞ አየ። ከዚያ ከኋላው ካለችው ሴት ጋር ተንሾካሾከና ሂሳብዎ ታግዷል አላት። ማን አገደው ብትለው ግብር መሥሪያ ቤት አለ። ለምን ብትለው እሱን እነሱን ይጠይቁ አለና ቀጣዩን ተራ ጠራ።

ሱገን በዕድሜዋ ግብር የሚባል ነገር ደጃፏን ረግጦ አያውቅም። ባሏ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በጡረታው ነው። ለሠርጉ ያስቀመጠችውም ከዚያችው ጡረታ በየወሩ እየቆነጠረች ነው፤ ዓመት በዓል ሲመጣ አዲስ ልብስ ይቅርብኝ እያለች፣ ጉልበቷን ሲያማት ሐኪሙን በሙቅ ዘይት እየተካች። ያ ሁሉ ተጠራቅሞ አሁን አንድ የማታውቀው ሰው በአንድ ጣት ቆለፈው። ምን አጠፋሁ እያለች በባጃጅ ወደ ሱራና ቢሮ ሄደች።

ሱራና የሠፈሩ የሂሳብ አዋቂ ነው። ቢሮው ቡጂያ የሚሉትን የሽምብራ ሊጥ ጥብስ ከሚሸጥ መጥበሻ ቤት በላይ ስለሆነ ሰው ችግሩን የሚያስረዳው በዘይት ሽታ እየታጠነ ነው። መልካም ሰው ነው፤ ግን አንዲት ቃል ከአፉ እስክትወጣ መነጽሩን ሦስት ጊዜ ይወለውላል፣ ይኼ ደግሞ ለተቻኮለ ሰው የራስ ምታት ነው። የግብር መለያ ካርዷን ተቀበላትና በኮምፒውተሩ የግብር መሥሪያ ቤቱን ገጽ ከፈተ። አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት አኃዝ ይመጣል፣ ያንብቡልኝ አላት።

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አፈጠጠችበት። ስልኩ ጭጭ አለ። ሱራና ጥቂት ጠብቆ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋና ቁጥሩ የተላከው በአርባ አንድ ወደሚያልቅ ስልክ ነው አላት። ሱገን ማንበብ ብዙም አይሆንላትም፤ ይቺን ቁጥር ግን በእንቅልፏም ትጠራታለች። የታናሽ ወንድሟ የጌቫር ቁጥር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የአባታቸው ቤት ሲሸጥ፣ የመንግሥት ውል መዝጋቢው ሻጮቹ በሙሉ የግብር መለያ ካርድ ይኑራቸው ስላለ፣ ጌቫር በዚያው ሳምንት ለእኅቱ አንድ አስወጣላት። ስልክ ሲባል የራሱን፣ ኢሜይል ሲባል የሱቁን ሞላ። እሷ ከፎቶዋ በቀር ያዋጣችው ነገር አልነበረም። ምን ቸገራት፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ወንድሟ ነው።

ደወለችለት። ጌቫር የሳሪ ሱቅ አለው፤ ያን ሰዓት ለሙሽራ ቤተሰብ ጨርቅ እየዘረጋ ነበርና ቆይ እትዬ አላት። ቆየች። ቁጥሩን ሲነግራት ጊዜው አልፎበታል፤ ሌላ ተላከ። ሁለተኛውን ሲያነብላት ከስልክ ኩባንያ የመጣ ማስታወቂያ አንብቦላት ኖሯል። በሦስተኛው ሁለት አኃዝ አገላበጠና ገጹ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ ብሎ ተዘጋ። ሱራና መነጽሩን ወለወለ። ሱገን ቤቷ ብትሄድ የምትመለስበት ጉልበት እንደማይኖራት ስላወቀች እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከታች የሚጠበሰው የሽምብራ ሊጥ ሲንጫጫ እየሰማች እስከ ከሰዓት ጠበቀች።

ከሰዓት በኋላ በስንት ልመና ገጹ ተከፈተ። ሱራና ዝም ብሎ ብዙ አነበበ፤ ሲጨርስ መነጽሩን ሳይወለውል ተናገረ፤ ያኔ ነው ሱገን ነገሩ የከፋ መሆኑን ያወቀችው። ከቤቱ ሽያጭ በተገኘው ትርፍ ላይ የሚከፈለውን ግብር ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ከአምና ጀምሮ ሲላክላት ቆይቷል። መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ ማሳሰቢያ፣ ከዚያ ቅጣት፣ በመጨረሻ እግድ። ሁሉም የሄደው ወደ ጌቫር የሱቅ ኢሜይል ነው፤ ሁሉም ደግሞ ተከፍቶ ተነቧል።

"እኔ አንድ ሩፒ አልተቀበልኩም" አለች ሱገን።

"ውሉ ላይ የግማሹ ሻጭ እርስዎ ነዎት፣ እማማ።"

"ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ። ገንዘቡን እሱ ወሰደ። አገር ያውቃል።"

"አገር ይወቅ። ሕጉ ገንዘቡ የማን ኪስ ገባ ብሎ አይጠይቅም። ሻጭ ሆኖ የፈረመው ማን ነው ብሎ ነው የሚጠይቀው።"

ገንዘቡ ከእርሱ ጋር እንደቀረ የሚያሳይ በወንድሟ እጅ የተጻፈ ነገር አላት ወይ ብሎ ጠየቃት። ሱገን እንደ እብድ አየችው። ከወንድም ወረቀት ይጠየቃል እንዴ?

በእነሱ ዘንድ ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ድርሻ አትወስድም። ሕጉ እኩል ነሽ ይላታል፤ እሷ ግን ድርሻዬን ለወንድሜ ለቅቄያለሁ ብላ ትፈርማለች። እሱም በተራው ዕድሜ ልኩን ቤቱን ቤቷ ያደርግላታል፤ ልጆቿን በዳረች ቁጥርም ማይራ ይዞ ይመጣል፦ ልብስ፣ ወርቅ፣ የቤት ዕቃ፣ በእንግዳው ሁሉ ፊት እየተጠራ። በልጇ ሠርግ ወንድሟ ማይራ ይዞ ያልቆመላት ሴት፣ ዘመድ አልባ መሆኗን በራሷ ደጅ ታውጃለች። ስለዚህ ድርሻውን መልቀቅ ማንንም አያስለቅስም፤ ሱገንንም አላስለቀሳትም።

ስህተቱ ሌላ ነው። ሌላው ሰው እኅቱን መልቀቂያውን አስቀድሞ ያስፈርምና ከዚያ ቤቱን ብቻውን ይሸጣል። የእነ ጌቫር ገዢ ግን ቸኩሎ ነበር፤ ደላላውም መልቀቂያ እስኪመዘገብ ምን አስጠበቀን፣ እኅትየው እንደ ሻጭ ትፈርም፣ ያው ነው አለ። ሱገንም ፈረመች፤ ጌቫር ከመዝገብ ቤቱ ሲወጡ ሳሪና አንድ ሳጥን ጣፋጭ ገዛላት፤ እሷም መርቃው ወደ ቤቷ ገባች። ያው ነው ያለው ደላላ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከዓይን ተሰወረ። ያው አልነበረም።

"ታዲያ መልቀቂያውን አሁን ልፈርም" አለች ሱገን።

"አሁን ቤቱ ተሽጧል፤ የሚለቁት ቤት የለም። አሁን ቢፈርሙ ግብሩ አይለቅዎትም። የሚለቅዎት ገንዘቡ ነው።"

ሱራና አንድ መውጫ አላጣም። መሥሪያ ቤቱ መልስ ሲያጣ ቤቱ ለአባትየው በነጻ እንደተገኘ ቆጥሮ የሽያጩን ዋጋ እንዳለ ትርፍ አድርጎታል። የድሮ ቤት ግን ሕጉ በወሰነው የቀድሞ ዓመት ያወጣ የነበረው ዋጋ ይቀነስለታል። የተመዘገበ ገማች ያን ዋጋ ከጻፈላት፣ ማስተካከያ ይጠየቃል፣ ትርፉ ይቀንሳል፣ ግብሩም አብሮ ይቀንሳል። ሱገን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች። ከዚያ ሱራና መነጽሩን ወለወለና ገማቹ ቤቱን ማየት ይኖርበታል አላት።

ቤቱ ግን የለም። ገዢው በዓመቱ አፍርሶ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ የሱቅ ሕንፃ አቁሞበታል።

ገማቹ ቪያስ የሚባል አፉ በትንባሆ ቀይ የሆነ ሰው ነበር። ከሱገን ጋር ሕንፃው ፊት ቆመው ያን ድሮ የነበረ ቤት ይገምቱ ጀመር። ሱገን ተወልዳ ያደገችበትን ቤት ዓይኗን ጨፍና ትዞረዋለች፤ ሰውየው ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። ግድግዳው ምን ያህል ይወፍር ነበር? ድንጋዩ ከየት ነው? ምድር ቤቱ ስንት ሜትር ነው? ሱገን አያቷ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተኝተው እንደሚያንቀላፉ፣ ቁመታቸውም ረጅም እንደነበረ ነገረችው። ቪያስ ይኼን ምን ብዬ ልጻፈው አለ። የውሃ ጉድጓዱን ልታሳየው የስልክ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይዛው ገባች፤ እዚህ ነበር ብላ አንድ የመስታወት ሳጥን ላይ ጠቆመች፤ ባለ ሱቁ የማይገዛ ሰው ገበያ አይዝጋብኝ ብሎ አስወጣቸው። ደጅ ላይ ቆማ ልቧ ተሰበረ። ቤቱ ሲሸጥ አላለቀሰችም፣ ሲፈርስም ልታይ አልሄደችም፤ አሁን ለግብር ብላ ለገማች ልታስረዳው ስትል ነው እያንዳንዱ ክፍል የፈረሰባት።

ፎቶ አምጪ ተባለች። የድሮ ፎቶ ማለት ደግሞ የሠርግ ፎቶ ነው፤ በሠርግ ፎቶ ላይ ቤት ከሰው ኋላ ነው ያለው። የተቀረጸውን መስኮት የአክስቷ ራስ ሸፍኖታል፤ በሩን ሦስት አጎቶች ቆመውበታል። ሄምላታ ከዘመድ ወደ ዘመድ እየዞረች ፎቶ ሰበሰበች፤ ቪያስም ከዚህ ጥግ፣ ከዚያ ምሰሶ እያለ፣ ክፍያውም በየጊዜው እየጨመረ፣ በስንት ጉትጎታ ግምቱን ጻፈ። ሱራና ማስተካከያውን አዘጋጀ። ለማስገባት ግን ያው ስድስት አኃዝ ያስፈልጋል፤ ስድስቱ አኃዝ ደግሞ ጌቫር ዘንድ ነው።

በዚህ ጊዜ ጌቫር ስልክ ማንሳት ትቷል። ሚስቱ ኪሽኒ ሱቅ ነው ትላለች፤ ሱቅ ያለው ሠራተኛ ቤት ነው ይላል። ሱገን ጠብቃ ጠብቃ ነገሩ ሲከፋባት ልትሄድበት ስትነሣ፣ ራሱ መጣ። የራስጉላ ጣፋጭ ሳጥን በአንድ እጁ፣ ጠበቃ ያዘጋጀለትን ወረቀት በሌላው ይዟል።

ጣፋጩን አልነካችውም። "ደብዳቤዎቹን ለምን ደበቅከኝ?" አለችው።

"ማን ደበቀ? ይረሱታል ብዬ ነው። ከመንግሥት የመጣ ሁሉ ቢነበብ ሱቅ ማን ይከፍታል?"

"አንብበኸዋል እኮ። ሱራና አይቷል።"

"ሱራና ደግሞ ቤተሰብ መሀል ምን ጥልቅ አደረገው?" ጌቫር ትራሱን ተደግፎ ተቀመጠ። "እትዬ፣ አንቺን ለማስጨነቅ ያደረግኩት ይመስልሻል? ገንዘቡ ዕዳ ነው የዋጠው። አሁን ይኼን ፈርሚልኝ፣ የግብሩን ግማሽ እኔ እችላለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል ካለኝ ላይ አይደለም።"

ወረቀቱን ሄምላታ ጮክ ብላ አነበበችው። ሱገን ከአባቷ ቤት ሽያጭ የሚደርሳትን ድርሻ ሙሉ በሙሉ እንደተቀበለች፣ እሷም ሆነች ልጆቿ ወደፊት ምንም እንደማይጠይቁ ይላል።

"ተቀብያለሁ ነው የሚለው" አለች ሱገን።

"ሰነድ እንዲህ ነው የሚጻፈው።"

"ውሸት ነዋ።"

"እና ድርሻዬን እፈልጋለሁ ነው የምትይኝ? በአባባ ቤት?"

"ድርሻ አልጠየቅኩህም። ዱሮም አልጠየቅኩህም። ግብሩን ክፈል ነው ያልኩህ።"

"እሱም ያው ነው" አለ ጌቫር። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ወረቀቱንም አጣጠፈ። "ሠርግ እየደረሰ ነው። ወንድም ትፈልጊ እንደሆነ፣ ገንዘብ ትፈልጊ እንደሆነ አስቢበት።"

ሱገን በክረምት ብርድ አቅፋው እንዳደረች፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ሲል ተሸክማ እንደወሰደችው ልትነግረው ፈለገች። ግን ያንን ማንሳት ደግሞ ሂሳብ መተሳሰብ ሊመስልባት ነው። እሱ ወጣ። ሄምላታ እናቷ ባትሰማ ይሻላል ብላ ሳይሆን እንድትሰማ ብላ፣ ማይራውም ይቅር፣ አጎቴም ይቅር፣ ሠርጉንም በፍርድ ቤት አዳራሽ እንፈራረምና እንጨርሰው አለች። ሱገን ተቆጣቻት። ልጅቷ ስታለቅስ እሷም አለቀሰች፤ ከዚያ በንዴት ሁለቱም እራት ሳይበሉ ተኙ።

ጠዋት ሱገን በግብር ካርዷ ላይ የተመዘገበውን የስልክ ቁጥር ላስቀይር ብላ ሄደች። ለዚህ ደግሞ መታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ይቀየር ተባለ፤ መታወቂያው ላይ ያለውም የጌቫር ነው። መታወቂያ ቤት ስትሄድ የጣት አሻራዋን ማሽኑ አላነበበውም፤ ዕድሜ ልኳን ዕቃ ያጠበ ጣት አሻራው ተፍቋል። ሠራተኛዋ እጅዎን በዘይት አሽተው በሳምንቱ ይመለሱ አለቻት። ተመለሰች፣ አላነበበም። ሌላ ጣት ተሞከረ። ሱገን እዚያ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ እኔ መሆኔን ለማስረዳት እኔ አልበቃሁም ማለት ነው ስትል አጠገቧ ያሉትን አሳቀቻቸው፤ እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። በመጨረሻ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ታወቀችላትና ቁጥሩ ወደ ራሷ ስልክ ተቀየረ።

ማስተካከያው ገባ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ገባ። ክረምቱ አለቀ። የተስተካከለው ግብር ሲመጣ ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ነበር፣ ሱራናም ከወንበሩ ተነሥቶ እንኳን ደስ ያለዎት አላት። ሱገን ምን ደስ ይበላት? ያነሰውም ቢሆን የእሷ አይደለም፤ በዓይኗ ላላየችው ገንዘብ ነው። ሠርጉ ግን ደርሷል፣ ካልተከፈለ ሂሳቡ አይፈታም፣ ካልተፈታ አብሳዩም ድንኳኑም የለም። እናቷ ስትሞት ከእጇ አውልቃ ለእሷ ብቻ የሰጠቻትን የወርቅ አምባሮች ወደ አንጥረኛ ወስዳ ሸጠች። ከአባቷ ቤት በእጇ የገባ ነገር ቢኖር እነሱ ነበሩ።

ከፈለች። ባንኩ የእግዱ ማንሻ ደብዳቤ አልደረሰንም አላት። ግብር መሥሪያ ቤቱ ልከናል አለ። ባንኩ ሥራ አስኪያጁ ዕረፍት ላይ ነው አለ። ሱራና ራሱ ደብዳቤውን ታቅፎ ሄዶ፣ እሱም በበኩሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ጮኾ፣ ሂሳቡ ተፈታ።

ከሠርጉ በፊት እናት ለማይራ ወንድሟን ሄዳ መጥራት አለባት። ግንባሩን ቀይ ቀለም ቀብታ፣ ሩዝ አስነክታ፣ ጣፋጭ አጉርሳ ቀኑን ትነግረዋለች፤ ያልተጠራ ወንድም አይመጣም። ሄምላታ አትሄጂም ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሱገን እሄዳለሁ አለች። የተቀየመች መሆኗን ልትደብቅ አልፈለገችም፤ ግን ወንድሟ ነው፣ ሌላ የላትም።

ስትገባ ጌቫር ካየችው ብዙ ጊዜ የሆነ ፈገግታ አሳያት። ወንበር አስቀመጠላት፣ ኪሽኒን ሻይ አስመጣት፣ የፈራው ሁሉ እንዳልመጣ ሲገባው ድምፁ ከፍ አለ።

"ሂሳብሽ ተፈታ አሉ፤ ሰማሁ" አላት። "አየሽ? አንቺ አካበድሽው እንጂ ነገሩ በራሱ አለቀ።"

በራሱ አለቀ። የባንኩ ወረፋ፣ የስልክ ሱቁ፣ የመታወቂያ ቤቱ ሰልፍ፣ አንጥረኛው፣ ሁሉም በራሱ። ሱገን ሻዩን ሳትቀምስ አስቀመጠችው። ጌቫር ግን ሌላ ወሬ ጀምሯል። የሚያመጣው ማይራ አገር ጉድ እንደሚል፣ እንኳን ቢካኔር ጆድፑር ድረስ እንደሚወራለት ነገራት፤ ኪሽኒንም አንብቢላት አላት። ኪሽኒ ከስልኳ ላይ አነበበች፦ ለሙሽሪት የወርቅ ሐብል፣ ለአማቾቿ የሐር ሳሪ፣ ለሙሽራው ሰዓት፣ ለቤታቸው ማቀዝቀዣ። ጌቫር በየመሀሉ ቆም እያለ የእኅቱን ፊት ያያል፣ ምርቃት ይጠብቃል። "የሱገን ወንድም ማን እንደሆነ ያዩታል" አለ።

ሱገን ተነሥታ ፊቱ ቆመች። ጣቷን ቀዩ ቀለም ውስጥ ነከረችና ግንባሩን ቀባችው፤ እንደ ልጅነቱ ዓይኑን ጨፈነላት።

"አምጣው" አለችው። "አንዱንም እንዳታስቀር። ግብሩን ከፍዬበታለሁ።"

ኪሽኒ ማንበቧን አቆመች። ጌቫር ዓይኑን ገለጠ። ሱገን ሩዙን ግንባሩ ላይ አስነካችው፣ ጣፋጩን አጎረሰችው፣ የሠርጉን ቀንና ሰዓት ነገረችው፤ አትዘግይ አለችውና ጫማዋን ለማድረግ ወደ በሩ ሄደች።